ዊንዶውስ 10 ላይ ለቀረ ላፕቶፕ የትኛው ሊኑክስ ይሻላል? ሚንት፣ ኡቡንቱ፣ ዴቢያን እና ሌሎቹ

መልሱን መጀመሪያ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱን ከዛ ቀስ ብለን እናየዋለን። ሊኑክስ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው፣ ሚንት፣ ኡቡንቱ፣ ዴቢያን የሚባሉት የሱ አይነቶች ናቸው። 4 ወይም 8 ጊጋ ራም ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ካላችሁና ዊንዶውስ 10 ላይ ከቀራችሁ ሊኑክስ ሚንት ጫኑ፣ ራሙ 8 ከሆነ ሲናሞን የሚባለው ዴስክቶፕ ያለውን፣ 4 ከሆነ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ያለውን። ይሄን የምለው ሌሎቹን ሳላይ አደለም፣ ኡቡንቱም ዴቢያንም ፌዶራም ዞሪንም ለራሴም ለጓደኛም ለዘመድም ጭኜ ሰው በየቀኑ ሲሰራባቸው አይቻለው፣ ሁሉም የየራሱ ጥሩ ነገር አለው፣ ግን እኛ ሀገር ያለው ኢንተርኔት፣ የመብራቱ ነገር፣ የላፕቶፖቹ እድሜና አማርኛ መፃፍ አንድ ላይ ሲታይ ሚንት ነው የሚያሸንፈው።

ለምን አሁን ለሚል ሰው፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ነው፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14፣ 2025። ኮምፒውተሩ መስራቱን አያቆምም፣ የሴኩሪቲ አፕዴት ግን አይመጣለትም። ለአንድ አመት የሚያራዝም ፕሮግራም አለ፣ ወይ 30 ዶላር ትከፍላላችሁ ወይ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብታችሁ ሴቲንጋችሁን ባክአፕ ታደርጋላችሁ፣ እሱም ቢሆን ኦክቶበር 13፣ 2026 ላይ ያልቃል። ዊንዶውስ 11 ልጫን ካላችሁ ደሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል ቺፕ ይጠይቃል፣ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ በአብዛኛው ከ8ኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ነው የሚቀበለው። እዚህ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ የምናያቸው ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ460፣ ዴል ላቲቲዩድ ኢ7470 አይነቶቹ 6ኛ ጄኔሬሽን ናቸው፣ ስለዚ በር ላይ ነው የሚመለሱት። ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ቼኩን አልፎ መጫን ይቻላል፣ ብዙ ሰውም እንደዛ እያስደረገ ነው፣ ግን ማይክሮሶፍት ለእንደዚ አይነት ኮምፒውተር አፕዴት ለመስጠት ዋስትና አልገባም ብሏል።

ላፕቶፑ ግን ምንም አልሆነም! ኪቦርዱ ከብዙ አዲስ ርካሽ ላፕቶፕ ይሻላል፣ ሰውነቱ ጠንካራ ነው፣ የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ አውጥታችሁ ኤስኤስዲ ካስገባችሁለት ገና ስንት አመት ይሰራል። ቤተሰብ ተጨንቆ ለተማሪ ልጁ የገዛውን እቃ ጊዜው አልፎበታል መባሉ በጣም ያበሳጨኛል፣ ይሄን ሁሉ የምፅፈውም ለዛ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው። መጀመሪያ ሰው የሚያስፈራው የስሙ ብዛት ነው፣ ሊኑክስ ልጫን ብሎ የገባ ሰው መቶ ስም ያይና ትቶት ይወጣል። ውስጡ ያለው ከርነል የሚባለው ዋናው ሞተር ግን አንድ ነው፣ ሊነስ ቶርቫልድስ በፈረንጆቹ 1991 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው አመቶችም በፈረንጆቹ ናቸው) ሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እያለ የጀመረው። ዱቄቱ አንድ ነው፣ የምትጋግረዋ ናት የምትለየው። የሚለያዩት ከላይ በሚታየው ዴስክቶፕ፣ ሶፍትዌር በሚያወርዱበት መንገድ፣ አፕዴት በየስንት ጊዜው እንደሚለቁና ለስንት አመት እንደሚደግፉ ነው፣ ለኛ ደሞ እነዚ አራቱ ናቸው ወሳኞቹ።

ኡቡንቱን ሁሉም ያውቀዋል። በ2004 የወጣ ነው፣ ማርክ ሻትልዎርዝ የሚባል ደቡብ አፍሪካዊ ነው ካኖኒካል የሚባለውን ድርጅት አቋቁሞ ያመጣው፣ ስሙም ያው አፍሪካዊ ነው። እስከ 2011 ድረስ ሲዲውን በነፃ በፖስታ ወደየአለሙ ይልኩ ነበር፣ ኢንተርኔት ውድ ለሆነበት ሀገር ያ ትልቅ ነገር ነው፣ ለዚ ነገር ሁሌም አመሰግናቸዋለው። ዛሬም ጥሩ ጎኑ ብዙ ነው፣ አንድ ችግር ገጥሟችሁ ጎግል ብታደርጉ መልሱ ኡቡንቱ ላይ ተሞክሮ የተፃፈ የመሆን እድሉ ሰፊ ነው፣ በየሁለት አመቱ የሚወጣው ኤልቲኤስ የሚባለው ለ5 አመት ይደገፋል፣ ኡቡንቱ ፕሮ የሚባለውን በነፃ ከተመዘገባችሁ ደሞ እስከ 5 ኮምፒውተር ድረስ ለግል አጠቃቀም ወደ 10 አመት ይደርሳል። ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ወይ ኮምፒውተር ሳይንስ እየተማራችሁ ራሙ 16 የሆነ ደህና ላፕቶፕ ካላችሁ ኡቡንቱ ጫኑ፣ እኔ ምንም አልልም፣ ሰርቨር ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኙት እሱን ነው።

ችግሩ አሮጌ ማሽን ላይ ነው። ግኖም የሚባለው ዴስክቶፑ ምንም ሳትከፍቱ አንድ ጊጋ ተኩል አካባቢ ራም ይይዛል፣ 4 ጊጋ ላለው ሰው ክሮም በአምስት ታብ ሲከፈት ቀሪው አለቀ፣ ማውሱ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ሁለተኛው ስናፕ የሚባለው የሶፍትዌር አጫጫኑ ነው፣ ከ22.04 ቨርዥን ጀምሮ ፋየርፎክስ ራሱ በስናፕ ነው የሚመጣው፣ ሃርድ ዲስክ ላይ ከሆናችሁ ኮምፒውተሩ እንደበራ ፋየርፎክስን ስትነኩት እስኪከፈት ቡና አፍልቶ መጠጣት ይቻላል ባልልም ትዕግስት ይጨርሳል። ከዛ የሚብሰው ደሞ ስናፕ ሳይጠይቃችሁ በራሱ ከጀርባ አፕዴት ማድረጉ ነው፣ ዋይፋይ በወር ለሚከፍል ሰው ችግር የለውም፣ ከስልኩ ሆትስፖት ከፍቶ በፓኬጅ ለሚጠቀም ሰው ግን ጊጋው የት እንደገባ ሳያውቅ ያልቅበታል። ማስቆም ይቻላል፣ ግን ተርሚናል ከፍቶ ትዕዛዝ መፃፍ ይፈልጋል፣ ለእናቴ ወይ ለሰፈር ልጅ የጫንኩለት ላፕቶፕ ላይ ይሄን ነገር አልፈልገውም። የኢንስቶሌሽን ፋይሉ ራሱ ወደ 6 ጊጋ ነው፣ ሚንት ደሞ ወደ 3።

ሚንት በ2006 ነው የጀመረው፣ ክሌመንት ለፌቭር የሚባል ሰው ነው የሚመራው፣ የተሰራው በኡቡንቱ ኤልቲኤስ ላይ ነው። ይሄ ማለት ኡቡንቱ ላይ የሚሰራ ሶፍትዌር በሙሉ ማለት ይቻላል እዚህም ይሰራል፣ ኡቡንቱ ላይ ያነበባችሁት መፍትሄም ይሰራል፣ አሁን ያለው 22 የሚባለው ትውልድ በኡቡንቱ 24.04 ላይ የቆመ ነው እስከ 2029 ይደገፋል። ከ2020 ጀምሮ ግን ስናፕን ዘግተውታል፣ ፋየርፎክስ እንደድሮው ነው የሚመጣው ወዲያው ይከፈታል። ሲናሞን የሚባለው ዴስክቶፕ ስታርት ሜኑው በግራ በኩል ታች፣ ሰአቱ በቀኝ፣ ፋይሎቹ እንደለመዳችሁት፣ ዊንዶውስ 7 የለመደ ሰው ሳታስረዱት ይሰራበታል። ኤክስኤፍሲኢው መልኩ ትንሽ ያረጀ ይመስላል እውነቱን ለመናገር፣ ግን ቀላል ነው፣ 4 ጊጋ ራም ላይ ብሮውዘርና ሊብሬኦፊስ አንድ ላይ ከፍቶ መስራት ይቻላል።

እኔ ሚንትን በጣም የወደድኩት ግን በመልኩ አደለም በአፕዴቱ ነው። አፕዴት ማናጀሩ ምን እንዳለ፣ ስንት ሜጋ እንደሆነ ዘርዝሮ ያሳያችኋል፣ እናንተ እሺ እስክትሉ አይነካም፣ ለሊት የሚሰራ ፓኬጅ ካላችሁ ለሊት ታወርዳላችሁ፣ ይሄ ለኛ ከምንም በላይ ነው። ሶፍትዌሩ የሚወርድበትንም ሰርቨር መምረጥ ይቻላል፣ ፍጥነታቸውን ራሱ ይለካና ከላይ እስከታች ይደረድርላችኋል፣ እንደገባችሁበት ኢንተርኔት የተሻለውን ትመርጣላችሁ። ከዛ ታይምሺፍት አለ፣ የሲስተሙን ሁኔታ ያስቀምጥና አንድ ነገር ሲበላሽ ወደ ትላንቱ ይመልሳችኋል። የሚያስቀምጠው ግን ሲስተሙን ነው፣ ፎቶና ዶክመንታችሁን አደለም፣ እሱን በውጪ ሃርድ ዲስክ ለብቻው ያዙ። አፕዴት መሃል ላይ መብራት ሲጠፋ፣ በተለይ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ፣ ያልተጨረሰው ነገር ይንጠለጠላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ሪከቨሪ ሞድ ገብቶ የተቋረጠውን አስጨርስ ማለት ይበቃል፣ እምቢ ካለ ግን ታይምሺፍት ነው የሚያድናችሁ። ስለዚ እንደጫናችሁ የመጀመሪያ ስራችሁ እሱን ማብራት ይሁን።

ሚንት ላይ ልጠንቀቅ የምትሉት አንድ ነገር ፍላትፓክ ነው። ሶፍትዌር ማናጀሩ ውስጥ አንድ ፕሮግራም ስትፈልጉ ብዙ ጊዜ ሁለት ምርጫ ይኖራል፣ አንደኛው የሲስተም ፓኬጅ ይላል አንደኛው ፍላትፓክ፣ ፍላትፓኩ አዲስ ቨርዥን ይሆናል ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጭኑ አብሮት የሚመጣው ነገር ብዙ መቶ ሜጋ ነው፣ አንዳንዴም ከጊጋ ያልፋል። በኢንተርኔት ፓኬጅ የምትጠቀሙ ከሆነ የሲስተም ፓኬጅ የሚለውን ምረጡ። ሌላው በጣም አዲስ ላፕቶፕ፣ ዘንድሮ የወጣ ምናምን ከሆነ ሚንት ላይ ሃርድዌሩ ቶሎ ላይታወቅ ይችላል፣ ያኔ ኡቡንቱ ወይ ፌዶራ ይሻላል፣ ግን እኛ እያወራን ያለነው ስለ አሮጌ ነው።

አሁን አማርኛ፣ ብዙ ሰው ሊኑክስ ጭኖ በሳምንቱ ወደ ዊንዶውስ የሚመለሰው በዚ ነው፣ ማንም አላሳየውም እንጂ ቀላል ነበር። ሊኑክስ ላይ አማርኛ የሚያፅፈው አይባስ የሚባል ነገር ነው፣ ከሱ ጋር ኤም17ኤን የሚባለው ፓኬጅ ሲጨመር ሴራ የሚባል የአማርኛ ኪቦርድ ይመጣል። ኡቡንቱ ላይ ፓኬጁን ትጭኑና ወጥታችሁ ትገባላችሁ፣ ከዛ ሴቲንግ ውስጥ ኪቦርድ የሚለው ጋ አማርኛን መጨመር ነው፣ በዚ ኡቡንቱ ይሻላል እውነቱን ለመናገር አንድ እርምጃ ያንሳል። ሚንት ላይ ኢንፑት ሜተድ የሚለውን ከሜኑው ፈልጋችሁ አይባስን ትመርጣላችሁ፣ ወጥታችሁ ትገባላችሁ፣ ከዛ በአይባስ ሴቲንግ ውስጥ ሴራን ትጨምራላችሁ። አፃፃፉ በድምፅ ነው፣ የፓወር ግዕዝ ልማድ ያለው ሰው ቶሎ ይለምደዋል፣ ሰ ፈልጋችሁ ኤስና ኢ፣ ሳ ፈልጋችሁ ኤስና ኤ ትነካላችሁ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ እና ጰ ሺፍት ተይዞ ነው የሚመጡት፣ ሸ በኤክስ ቁልፍ ነው፣ አራት ነጥብ ሁለት ጊዜ ኮለን ስትነኩ ይመጣል። ሴራ ካልተመቻችሁ ኪይማን የሚባለውም ሊኑክስ ላይ አለ፣ ስልካችሁ ላይ ወይ ዊንዶውስ ላይ የለመዳችሁት ከሆነ እሱን ጫኑ።

ፎንት ላይ ግን ልብ በሉ። ዊንዶውስ ላይ ሰው አማርኛ የሚፅፈው ብዙ ጊዜ በኒያላ ነው፣ ኒያላ የማይክሮሶፍት ስለሆነ ሊኑክስ ላይ የለም፣ ሌላ ፎንት ይተካለታል፣ ፅሁፉ ይነበባል ግን መስመሩ ይሰፋና የሶስት ገፅ ደብዳቤ አራት ገፅ ይሆናል። አቢሲኒካ ኤስአይኤል እና ኖቶ ኢትዮፒክ የሚባሉትን ጫኑ ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ መስሪያ ቤት የምትልኩትን ዶክመንት ደሞ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ላኩ። ከባዱ ነገር ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት በድሮዎቹ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተፃፈ ፋይል ነው፣ ያለፎንቱ ስትከፍቱት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ነው የሚመጣው፣ ፎንቱን ኮፒ አድርጎ መጫን ይሞከራል ግን ሁሌ አይሳካም። የድሮ ማህደር ያለበት ቢሮ ውስጥ የምትሰሩ ከሆነ አንድ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ይቅር።

ዴቢያን የሚንት አያት ነው፣ ኢያን መርዶክ በ1993 የጀመረው፣ ኡቡንቱም ከሱ ነው የተሰራው። ዴቢያን 13 በኦገስት 2025 ወጥቷል። በጣም የተረጋጋ ነው፣ አንዴ ከተጫነ በኋላ የሚመጣው አፕዴት ትንሽ ነው፣ ስለዚ ኢንተርኔት በጣም ለሚቸግረው ሰው ወይም አንድ ስራ ብቻ ለሚሰራ ኮምፒውተር፣ ላይብረሪ ውስጥ ላለ ምናምን፣ ከዴቢያን የተሻለ የለም። ድሮ የዋይፋይ ፈርምዌር አብሮት ስለማይመጣ ሲጫን ያስቸግር ነበር፣ ከ12 ጀምሮ ግን አብሮ ይመጣል። ለጀማሪ የማልመክረው ኢንስቶለሩ ብዙ ስለሚጠይቅ ነው። ሚንት ራሱ ኤልኤምዲኢ የሚባል በቀጥታ በዴቢያን ላይ የተሰራ ቨርዥን አለው፣ ሁለቱን የሚፈልግ ሰው እሱን ይሞክር።

ፌዶራን ቶርቫልድስ ራሱ ይጠቀምበታል፣ ጥራቱ አያጠያይቅም፣ ግን በየስድስት ወሩ አዲስ ቨርዥን፣ አንዱ ቨርዥን የሚደገፈው ለ13 ወር አካባቢ ብቻ፣ በየጊዜው የሚመጣው አፕዴት ብዙ ጊጋ፣ ይሄ ያልተገደበ ኢንተርኔት ላለው ሰው ነው። ዞሪን የደብሊን ልጆች ናቸው የሰሩት፣ 18 የሚባለውን ልክ ዊንዶውስ 10 ባበቃበት ቀን ነው የለቀቁት፣ ያምራል፣ መልኩ ዊንዶውስን ከሚመስሉት አንዱ ነው፣ ሚንት ካልጣማችሁ ሁለተኛ ምርጫዬ ነው።

ካሊን ግን ለብቻው ማንሳት አለብኝ፣ ምክንያቱም ስንት ልጅ ሃኪንግ ቪዲዮ አይቶ የመጀመሪያ ሊኑክሱን ካሊ አድርጎ እንደሚጭን አውቃለው። ካሊ በዴቢያን ላይ የተሰራ የሴኩሪቲ ፈተና መሳሪያ ነው፣ ሰሪዎቹ ራሳቸው ሊኑክስን ለማያውቅ ሰውና ለዕለት ተዕለት ስራ አንመክረውም ብለው ፅፈዋል። ሴኩሪቲ መማር የሚፈልግ ልጅ ሚንት ወይ ኡቡንቱ ይጫንና ካሊን በቨርቿል ማሽን፣ ማለትም ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር በሚከፍት ፕሮግራም፣ ከውስጡ ይክፈት፣ ኔትወርክና ሊኑክስ የሚገባው በየቀኑ የሚሰራበት ማሽን ሲኖረው ነው።

የማይሰራውንም በግልፅ ልንገራችሁ። አካውንታንት ከሆናችሁና ስራችሁ በፒችትሪ ከሆነ ሊኑክስ አትጫኑ፣ ዊንዶውስ ብቻ ላይ ነው የሚሰራው። አውቶካድ እና ፎቶሾፕም ሊኑክስ ላይ አይሰሩም። የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ በሚያስከፍተው ዋይን በሚባለው ነገር ይሞከራል የሚሉ አሉ፣ የደሞዝ ስራ የሚሰራበትን ነገር ግን በሙከራ ላይ አትጣሉት። ቴሌግራም፣ ክሮም፣ ዙም፣ ቪኤልሲ፣ እነዚ ሁሉ አሉ። ሊብሬኦፊስ በአማርኛ ሜኑም ይመጣል፣ የዎርድ ፋይል ይከፍታል፣ ቴብልና ስእል የበዛበት ፋይል ላይ ግን አቀማመጡ ሊዛባ ይችላል። ፕሪንተር ላይ ኤችፒ በአብዛኛው ኬብሉን እንደሰካችሁ ያውቀዋል፣ ካነን ሌዘር ከሆነ ድራይቨሩን ከካነን ሳይት ማውረድ ሊያስፈልግ ይችላል።

በሌላ በኩል ፎልደሩን በሙሉ ሾርትከት የሚያደርገው የፍላሽ ቫይረስ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ፍላሽ ሰክተን የምናመጣው፣ ሊኑክስ ላይ አይነሳም። ፍላሹን ስትሰኩ ቫይረሱ የደበቀውን ትክክለኛ ፎልደር ፊት ለፊት ታገኙታላችሁ፣ ፋይላችሁን ኮፒ ታደርጋላችሁ ሌላውን ታጠፋላችሁ። ለተማሪ ይሄ ብቻውን ይበቃል ብዬ አምናለው።

ዊንዶውሱን ሳታጠፉ ጎን ለጎን መጫን ይቻላል፣ መጀመሪያ ላይ እንደዛ ብታደርጉ ይሻላል። ሁለት ነገር ያጋጥማችኋል፣ አንደኛው ዊንዶውስ ላይ ፋስት ስታርትአፕ የሚለው ካልጠፋ ሊኑክስ የዊንዶውሱን ድራይቭ ማንበብ እንጂ መፃፍ አይችልም፣ ስለዚ መጀመሪያ አጥፉት። ሁለተኛው ሊኑክስ ተጠቅማችሁ ዊንዶውስ ስትገቡ ሰአቱ ሶስት ሰአት ወደኋላ ሊቀር ይችላል፣ አልተበላሸም፣ ሊኑክስ የማዘርቦርዱን ሰአት በግሪንዊች ስለሚያስቀምጥና ዊንዶውስ ደሞ እንደኛ ሰአት ስለሚያነበው ነው፣ ኢንተርኔት ሲያገኝ ይስተካከላል፣ ሊኑክሱንም በሀገር ሰአት እንዲያስቀምጥ ማዘዝ ይቻላል።

ከመጫናችሁ በፊት ደሞ ሳይጫን ሞክሩት። ቬንቶይ የሚባለውን ኮምፒውተር ከፍላሽ የሚያስነሳ ፕሮግራም 8 ወይ 16 ጊጋ ፍላሽ ላይ አድርጉና የሚንትን ፋይል ኮፒ አድርጉበት፣ ቦታ ካለው የኡቡንቱንም ጎኑ ጨምሩ፣ በፍላሹ ስትነሱ የፈለጋችሁትን መርጣችሁ ትገባላችሁ ሃርድ ዲስኩም አይነካም። እዛው ሆናችሁ ዋይፋይ ይዞ እንደሆነ፣ ድምፅ እንዳለ፣ የስክሪኑ ብርሃን ከፍና ዝቅ እንደሚል፣ ክዳኑን ዘግታችሁ ስትከፍቱ እንደሚነሳ እዩ። የኢንቴል ዋይፋይ ብዙ ጊዜ ወዲያው ይሰራል፣ የሚያስቸግረው ብሮድኮም ነው፣ እሱ ከሆነ ተስፋ አትቁረጡ፣ ጭናችሁ ስትጨርሱ ስልካችሁን በቻርጀር ኬብሉ ላፕቶፑ ላይ ሰኩና ዩኤስቢ ቴተሪንግ የሚለውን አብሩ፣ ኢንተርኔቱ በኬብሉ ይገባል፣ ከዛ ሚንት ላይ ድራይቨር ማናጀር የሚለውን ክፈቱና የሚያሳያችሁን የብሮድኮም ድራይቨር መርጣችሁ አፕላይ በሉ፣ ሪስታርት ሲያደርግ ዋይፋዩ ይመጣል።